«የውስጥ አሠራር» የማን ውስጥ ነው?

የሮቢቱ፦ ልጄ የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ (ስሙ ይቅር) የጀመረው የተማሪ ማደሪያ ለምን ቆመ፣ እስካሁንስ ስንት ብር ተከፈለበት ብዬ በደብዳቤ ጠየቅሁ። ተቀብለው ማኅተም መቱልኝ። 30 ቀን አለፈ፣ 40 ሆነ። ትናንት የሕዝብ ግንኙነቱ ደውሎ «እሱ የውስጥ አሠራር ነው» አለኝ። የማን ውስጥ?

ጣርማበር፦ ማንም እየተነሳ ሰነድ ስጡኝ ካለ መቼ ሊያስተምሩ ነው?

መንዜ፦ «ማንም» ነው ያልከው? የሚዲያና የመረጃ ነፃነት አዋጅ 590/2000ም እኮ የሚለው ማንም ሰው ነው። በ30 ቀን መልስ ይሰጣል፤ ከተከለከለም ምክንያቱ በጽሑፍ። በስልክ «የውስጥ ነው» የሚል አንቀጽ አላየሁም።

ጣርማበር፦ እሱ አዋጅ በ2013ቱ የሚዲያ አዋጅ ተሽሯል። አጣራ።

መንዜ፦ የተሻረው የሚዲያው ክፍል ነው። የመረጃ ነፃነቱ ክፍል እንዳለ ነው። ግማሹን አንብበህ አትምጣብን።

አንኮበሬ፦ የኮንትራክተሩ የንግድ ሚስጥር ግን ይጠበቃል እኮ። ሕጉ ራሱ ይላል።

የሮቢቱ፦ የተከፈለው ብር ሚስጥር ይሁን እሺ። ዝገቱስ? በቆርቆሮ አጥሩ ቀዳዳ አይቼዋለሁ። ፌሮው ቀልቷል፣ ምሰሶው ሥር ሣር በቅሏል። ልጄ ስምንት ሆነው አንድ ክፍል ታጭቀዋል።

ጣርማበር፦ አንተ ሽንኩርት ነጋዴ አይደለህ? ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን ዶለህ?

የሮቢቱ፦ እዚያ የዶለኝ ሽንኩርቱ ነው። ልጁን ያስተማርኩት በሱ ነው። ግብሩም ከሱ ነው የሚወጣው።

አንኮበሬ፦ ስለ ግልጽነት ካነሳን የሮቢት ሽንኩርት ዋጋም ይመርመር፣ ኪኪኪ።

መንዜ፦ ወሬ አታስቀይሱ። ዋና ኦዲተር የዩኒቨርሲቲዎችን ጉድ በየዓመቱ ተወካዮች ምክር ቤት ፊት ያነበዋል፣ በቴሌቪዥን እናያለን። ፓርላማ ላይ የተነበበ ነገር ወላጅ ሲጠይቅ «ውስጥ» ይሆናል?

ጣርማበር፦ ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ ይሁኑ እየተባለ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጀምሯል። እናንተ ደግሞ በየቢሮው ግቡ ትላላችሁ።

መንዜ፦ ራስ ገዝ ተባለ እንጂ ራስ ዝግ ተባለ?

ጣርማበር፦ በቃላት መጫወት ትችላለህ።

መንዜ፦ «የውስጥ አሠራር» ያለው ማን ሆነና!

የሮቢቱ፦ ለማንኛውም ደብዳቤውን ኮፒ አድርጌ እንባ ጠባቂ ልሄድ ነው።

ጣርማበር፦ በርታ። እዚያም ወንበር አለ፣ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ።

አንኮበሬ፦ ከመሄድህ በፊት፣ ሽንኩርት ኪሎው ስንት ገባ?