ኬላው የማን ነው?

ባለ አይሱዙ፦ ሰላም የቤቱ ሰዎች። ትናንት ሙዝ ጭኜ ሦስት ክልል አቋርጬ አዲስ አበባ ገባሁ። አምስት ቦታ ገመድ ጠበቀኝ። ደረሰኝ የሰጡኝ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የየት ኬላ እንደሆኑ ልተወው፣ ነገም በዚያው ነው የማልፈው። ክልል ዋና መንገድ ላይ ገመድ ወጥሮ ብር የመቀበል ሥልጣን ከየት አመጣ?

ሕግ አንባቢ፦ የለውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 12 በክልሎች መካከል ያለውን ንግድ የሚመራው ፌዴራል ነው ይላል። ክልልን ከክልል የሚያገናኙ ዋና መንገዶችም የሱ ናቸው። በቃ።

የወረዳ ሠራተኛ፦ ቆይ፣ በቃ አትበል። አንቀጽ 52ንም ግለጠው እንጂ። ለፌዴራል በግልጽ ያልተሰጠ ሁሉ የክልል ነው። ደግሞስ ወፍራሙን ገቢ ማን ወሰደው? የገቢ ዕቃ ቀረጥ የፌዴራል ነው። ለእኛ የገበሬው የመሬት መጠቀሚያና እንዳንተ ያለው የግለሰብ ነጋዴ ግብር፣ ሌላው ከፌዴራል የሚመጣ ድጎማ፣ ድጎማውም ደሞዝ ተከፍሎበት ያልቃል። አምና የቢሮ ወረቀት በዱቤ ነው የገዛነው። ኬላውን በምን እንተካው?

ባለ አይሱዙ፦ ታዲያ የወረቀታችሁን ዱቤ የእኔ ሙዝ ይክፈል? ግብሬን በየዓመቱ እከፍላለሁ እኮ። አንዱ ጋ ብቻ አንድ ሰዓት ከምናምን ፀሐይ ላይ ቆሜ ከላይ ያለው ሙዝ ጠቆረ።

ሕግ አንባቢ፦ የወረዳው ወንድማችን፣ ችግርህ እውነት ነው፣ አንቀጽ 52 ግን አያድንህም። ይሄኛው ሥልጣን በግልጽ ተሰጥቷል። ጠባችሁ መሆን ያለበት ድጎማው ለክልሎች ከሚከፋፈልበት ቀመር ጋር ነው። ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ አባላቱን የሚመርጡት ደግሞ የክልል ምክር ቤቶች። እዚያ ጩኹ።

ዝምተኛው፦ አንቀጹን ተዉት። ሕገ መንግሥቱ ከ1987 ጀምሮ አለ፣ ገመዱም አለ። ፌዴራል በ2015 የክልል ልዩ ኃይል ይፍረስ ብሎ ወስኗል። ያን የደፈረ መንግሥት ገመድ ማስነሳት አቃተው? ድጎማውን መጨመር ስለማይፈልግ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ነው የሚመስለኝ።

የወረዳ ሠራተኛ፦ እዚህ ላይ ተስማማን።

ባለ አይሱዙ፦ እናንተ ተስማሙ፣ እኔ ሐሙስ ልጭን ነው። ለኬላው ልጅ አንቀጽ 51ን ላሳየው ወይስ ዝርዝር ብር ልያዝ?

የወረዳ ሠራተኛ፦ ሁለቱንም ያዝ። ደረሰኝ ሳትቀበል ግን እንዳትሄድ።