ዳማከሴ «ሽታ ብቻ» ነው?

የጓሮ ልጅ፦ ሬዲዮ ላይ አንድ ሐኪም «ምች የሚባል በሽታ የለም፤ ዳማከሴም ሽታ ብቻ ነው» ሲሉ ሰማችሁ? ይሄን ለማለት ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማሩት? እኔ ምች ሲመታኝ ቅጠሉን አሽቼ እቀባዋለሁ፣ ጭማቂውን በቡና እጠጣለሁ፣ አልቦኝ ይለቀኛል።

ፋርማሲስቱ፦ ሐኪሙ አብዝተውታል። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ የአገራችን ጥናት በውኃና በአልኮል የተዘጋጀው የቅጠሉ ጭማቂ ትኩሳት እንደሚያበርድ አሳይቷል። ግን አይጥ ላይ ነው።

የጓሮ ልጅ፦ ታዲያ አይጧ ከበሽታ ነው የዳነችው? 😂

ነርሷ፦ ቀልዱን ተዉት። ትኩሳት በረደ ማለት በሽታው ለቀቀ ማለት አይደለም። ወባ ይለቅህና ከነገ ወዲያ ይነሳብሃል። መሃሉ ላይ ዳማከሴ የጠጣ ሰው «ዳንኩ» ብሎ ይተኛል። ፋልሲፓረም የሚባለው ከባዱ የወባ ዓይነት ከሆነ በአንድ ቀን ሊጠና ይችላል።

አንጋፋው፦ ወባን ማን አነሳ? ተመራማሪውን ዶክተር አክሊሉ ለማን እንኳ እንዲሁ ነው ያንገላቷቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ሞቶ አይተው የበሽታውን መላ አመጡ። ውጭ ያሉት ግን «በእኛ ላቦራቶሪ ካልተፈተሸ» ብለው ስንት ዓመት አስፈጇቸው!

ነርሷ፦ አክሊሉ እኮ ለክተው፣ ፈትሸው፣ ጽፈው ነው የተከራከሩት። እናንተ ምን ለካችሁ? እንዶድ ደግሞ ለቀንድ አውጣው ነው፤ ለማስወረድ ብላ የጠጣችው ምን እንደምትሆን ድንገተኛ ክፍል የሠራ ያውቃል።

እቴሜቴ፦ ኮሶስ? አያቶቻችን በምን ሻሩ?

ፋርማሲስቱ፦ በኮሶ ሽረዋል። ሲበዛ ግን ዓይን ይጎዳል። ነገሩ ያለው መጠኑ ላይ ነው። ዳማከሴም ሽታውን የሚሰጡት ዘይቶች ናቸው የሚጠኑት፤ ተክሉ እንደበቀለበት ቦታ ይለያያሉ። «ሽታ ብቻ» የሚለው ንግግር ለዚህ ነው ያናደደኝ።

የጓሮ ልጅ፦ ተመስገን! ፋርማሲስቱ የእኛ ነው።

ፋርማሲስቱ፦ የማንም አይደለሁም ወንድሜ። ትኩሳት ካለህ መጀመሪያ ደምህን ታይ።

እቴሜቴ፦ ነገ ፈረንጅ በብልቃጥ አሽጎ ሲልከው ያው ሐኪም ያዝልሃል!

ነርሷ፦ አዎ፣ መጠኑ ተጽፎበት ይመጣላ።

የጓሮ ልጅ፦ መጠኑን እናቴ ታውቀዋለች።

ነርሷ፦ ስንት ነው?

የጓሮ ልጅ፦ እንደ ሰዉ ነው።