የሰኞ ስብሰባ በ45 ደቂቃ አላልቅ አለን፤ እስኪ መላ በሉን

ሰላም ለሁላችሁ። ቢሯችን ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ነው፤ 11 ሰዎች ነን። ስብሰባው ለ2:30 ይጠራል፣ 3:00 ላይ ይጀመራል፣ 4:30 ላይ ያልቃል።

አጀንዳው ዓርብ ከሰዓት በቴሌግራም ይላካል፤ ከ4 ነጥብ አይበልጥም። በየነጥቡ ፊት ደቂቃውና አቅራቢው ይጻፋል፣ «ለመወሰን» ወይም «ለማሳወቅ» ተብሎም ይለያል። ለማሳወቅ የሆነው በጽሑፍ ብቻ ስለሚያልቅ 20 ደቂቃ ያህል ተርፏል። ቃለ ጉባኤው እዚያው ይጻፋል፦ ውሳኔ፣ ፈጻሚ፣ ቀን። ሐተታ የለውም።

የተቸገርነው ሰዓት ማስከበሩ ላይ ነው። ሰዓት ያዡ ጀማሪ ሠራተኛ ነው፤ ሥራ አስኪያጁን «ደቂቃዎ አልቋል» ማለት ይከብደዋል (ማንስ ይደፍራል?)። የስልክ ደወል ሞከርን፤ ደወሉ ይዘጋል፣ ንግግሩ ይቀጥላል። «ልዩ ልዩ» የሚባለው ነጥብ ደግሞ ብቻውን 40 ደቂቃ ይበላል። ብናወጣው ጉዳዩ በሌላው ነጥብ መሀል ሾልኮ ይገባል፤ ይሄ ይብሳል፣ ምክንያቱም የሚወሰነውም ነገር ሳይወሰን ይቀራል።

ሰብሳቢነቱን በዙር ማድረግ ይሠራል? ወይስ «ልዩ ልዩ»ን እስከ ዓርብ 6:00 በጽሑፍ ላስመዘገበ ብቻ እንፍቀድ? አለቃ ሳይከፋ ሰዓት ማስከበር የቻላችሁ፣ መጀመሪያ ምን እንዳደረጋችሁ በዝርዝር ብትነግሩን።