ምጽዋ በ1877 ዓ.ም. ያለ ውጊያ በጣልያን እጅ የገባችው እንዴት ነው?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦
የተከበራችሁ የታሪክ ወዳጆች፣ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር፣ በቤታችን የወደብ ነገር ከተነሣ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አያበቃም። ባለፈው ሳምንት ልጄ የታሪክ ደብተሩን ይዞ መጥቶ፣ «ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ጣልያንን ከደመሰሱ፣ ምጽዋ ለምን በጣልያን እጅ ቀረች?» ብሎ ቢጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። ወደቡን ያን ጊዜ ማን ይጠብቀው ነበር? ዐፄ ዮሐንስስ ስለምን አላስቆሙትም?

መልስ (ከደሴ፣ ሆጤ)፦
ወንድሜ፣ በኮሎኔል ሳሌታ የሚመራው ጦር ጥር 29 ቀን 1877 ዓ.ም. ምጽዋ ሲወርድ በከተማዋ የነበረው የግብጽ ጦር እንጂ የኢትዮጵያ ጦር አልነበረም። ግብጽ ራሷ በእንግሊዝ ቁጥጥር ሥር ወድቃ ነበር፤ ካርቱም ደግሞ ገና ከዐሥር ቀን በፊት በማህዲስቶች (በግብጽ አገዛዝ ላይ በተነሡት የሱዳን ደርቡሾች) እጅ ገብታለች። እንግሊዝ ምጽዋን ለራሷ ለመጠበቅ አልፈለገችም፤ ፈረንሳይ እንዳትይዛት ግን ትሰጋ ስለነበር ጣልያን እንድትገባ አበረታታች። የግብጹ አዛዥ በቃል ከመቃወም በቀር አልተዋጋም።

መልስ (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦
ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ከዚያ ስምንት ወር ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከእንግሊዝና ከግብጽ ጋር የተፈረመው ውል ነው። በዚያ ውል ዐፄ ዮሐንስ በማህዲስቶች የተከበበው የግብጽ ጦር በአገራቸው በኩል እንዲወጣ ሊረዱ ተስማሙ፤ በምላሹም የቦጎስ አገር (በከረን ዙሪያ ያለው) ተመለሰላቸው፤ የጦር መሣሪያ ሳይቀር ማንኛውም ዕቃ በእንግሊዝ ጥበቃ በምጽዋ በኩል በነጻ እንዲያልፍ ተፈቀደላቸው። ልብ በሉ፤ የተሰጣቸው ማለፊያው እንጂ ወደቡ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ቃላቸውን ጠብቀው ራስ አሉላ በ1878 ዓ.ም. መጀመሪያ ኩፊት ላይ ከማህዲስቶች ጋር ደም ሲያፋስሱ፣ የምጽዋ በር ከተያዘ ወራት አልፎት ነበር። እንዲህ ያለውን ክህደት ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

መልስ (ከኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ)፦
በውሉ ላይ ብቻ ማላከክ ግን ለዐፄ ዮሐንስ ፍርድ ማጓደል ይመስለኛል። ጉንደትና ጉራ ላይ ግብጽን በ1868 ዓ.ም. ድል ያደረገ ጦር እንኳ ምጽዋን መያዝ አልቻለም፤ ምክንያቱም ከተማዋ በደሴቶች ላይ የተቆረቆረች፣ ከየብስ ጋር በጠባብ የድንጋይ መንገድ የተያያዘች ናት፤ በባሕሩ ላይ መርከብ ያለው ይጠብቃታል፤ እኛ ደግሞ መርከብ አልነበረንም።

ለልጅዎም መልሱ ከዚሁ ይገኛል። ጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ከ400 በላይ የጣልያን ወታደሮች የወደቁት ወደ ሰዓጢ ምሽግ ሲጓዙ በየብስ መንገድ ላይ ነው፤ ወደቡ ግን በመርከቦቹ መድፍ ተጠልሎ ቀረ። ጣልያን በዚያው ወደብ ብዙ ሺህ ጦር አስገባ፤ እስከ ሰዓጢም የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። ዐፄ ዮሐንስ በ1880 ዓ.ም. እስከ ሰዓጢ ቢዘምቱም ምሽጉን ሳያጠቁ ተመለሱ፤ ማህዲስቶች በዚያው ዓመት ጎንደርን አቃጥለው ነበርና ጀርባቸው ክፍት ነበር። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ፤ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ እዚሁ ከደሴ በስተሰሜን፣ ውጫሌ ላይ፣ በምኒልክና በጣልያን መካከል ሌላ ውል ተፈረመ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ከልጄ ጋር ካርታ ዘርግተን አየነው፤ ምጽዋ ደሴት መሆኗን እሱም እኔም አላወቅንም ነበር። ጠባቧን መንገድ በጣቱ እየተከተለ፣ «ታዲያ አሉላ በየት በኩል ይገቡ ኖሯል?» አለኝ።