ቦታው ሳይመረጥ ስለ ኑክሌር ማመንጫና ስለ ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ መጠየቅ ትርጉም አለው? (ሰሜን ሸዋ)

ጥያቄ፦ በሬሳ ዳር (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. በተመረቀበት ወቅት ጠቅላይ ሚኒስትሩ አገራችን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት ማቀዷን ከገለጹ፣ በተከታዩም ወር በሞስኮ ከሩሲያው መንግሥታዊ የኑክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ከተፈረመ ወዲህ፣ በሰፈራችን ዕድር ጉዳዩ በተደጋጋሚ ይነሳል። ጥቂት ነዋሪዎች ተሰባስበን ስለ አደጋውና በተለይም ስለ ቆሻሻው አወጋገድ የሚጠይቅ፣ አስፈላጊ ሲሆንም የሚቃወም የነዋሪዎች ቡድን ለማቋቋም አስበናል። ይሁን እንጂ ከዕድሩ ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ «ቦታው እንኳ ባልታወቀ ነገር ለምን ከመንግሥት ጋር ትነካካላችሁ?» ይሉናል፤ ሌሎች ደግሞ ፍርሃታቸው ወሰን አጥቶ የሆስፒታሉን የራጅ ክፍል ጭምር መሸሽ ጀምረዋል።

ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው። በዞናችን የተከለለ ቦታ በሌለበት ሁኔታ አሁን መጠየቅ ትርጉም አለው? በሌላ አገር እንደ እኛ ያሉ ተራ ነዋሪዎች ተደራጅተው ያመጡት ውጤትስ ካለ በምን መንገድ አመጡት? ዞናችን ያለበትን የጸጥታ ሁኔታ ሁላችሁም ስለምታውቁት፣ አደባባይ የመውጣት ሐሳብ እንደሌለን አስቀድሜ እናገራለሁ።

መልስ፦ ጠበቃው ከመሐል ሜዳ

ወንድሜ፣ ትርጉም የሚኖረው አሁን ነው። ቦታው ተከልሎ፣ ካሳው ተሰልቶ፣ ማሽኑ ከገባ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ማሳወቂያ እንጂ ምክክር ሊባል አይችልም።

ከአፍሪካ የማነሳልህ ምሳሌ የደቡብ አፍሪካው ነው። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2014 ከሩሲያ ጋር በኑክሌር ትብብር ላይ የመንግሥታት ስምምነት ፈርሞ ነበር፤ የታቀደው ግዢም 9,600 ሜጋ ዋት ያህል ነበር። ማኮማ ሌካላካላ ከኧርዝላይፍ አፍሪካ፣ ሊዝ ማክዴይድ ደግሞ በአካባቢ ጥበቃ ላይ ከሚሠራ የሃይማኖት ማኅበረሰቦች ተቋም ሆነው ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። በኬፕ ታውን የተሰየመው ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2017 ስምምነቱንም ሆነ ግዢውን ያስጀመሩትን ውሳኔዎች ሕገ መንግሥቱን የሚጥሱ ናቸው ብሎ ሻራቸው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ፍርድ ቤቱ «ኑክሌር አደገኛ ነው» ወይም «አደገኛ አይደለም» አለማለቱ ነው። የወሰነው ሕዝብ ሳይሰማ፣ ፓርላማውም በተገቢው መንገድ ሳያጸድቅ በተሄደበት አካሄድ ላይ ነው። ሁለቱ ሴቶች ከፊዚክስ ባለሙያዎች ጋር ክርክር ገጥመው ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እስከ ዛሬም ባላለቀ ነበር፤ እነርሱ ግን «ማንን ጠይቃችሁ ነው?» የሚለውን ጥያቄ መረጡ።

የእኛም ሕግ ለዚህ ጥያቄ በር አልዘጋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢን ደህንነት የሚመለከት ፖሊሲ ሲነደፍም ሆነ ሲፈጸም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ መደረግ እንዳለበት ያስቀምጣል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዝዛል። የእኛ ፍርድ ቤቶች ከኬፕ ታውኑ ጋር አንድ ናቸው ብዬ ላታልልህ አልፈልግም፤ ነገር ግን በጽሑፍ ያልቀረበ ጥያቄ መልስ የማግኘት ዕድሉ ከወዲሁ ዜሮ ነው።

የዘገየ ተቃውሞ የት እንደሚደርስ ለማየት ወደ ሕንድ ተመልከት። በታሚል ናዱ ግዛት በኩዳንኩላም አጠገብ ያሉ የዓሣ አጥማጅ መንደሮች ትልቁን ትግላቸውን ያካሄዱት የመጀመሪያው ሬአክተር (የማመንጫው የኑክሌር ምድጃ) ተሠርቶ ሊያልቅ ሲል፣ በጃፓን ከደረሰው የፉኩሺማ የኑክሌር ማመንጫ አደጋ በኋላ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ክስ ተመሠረተባቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራው እንዲቀጥል ፈቀደ፤ ማመንጫውም ዛሬ ይሠራል።

መልስ፦ የጨረር ክፍል ሠራተኛ

ሙያዬ የሕክምና ጨረር ስለሆነ በመጀመሪያ ስለ ራጁ ላስተካክል። የራጅ መሣሪያ ጨረር የሚያመነጨው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ማብሪያው ሲጠፋ ጨረሩም ይጠፋል፤ ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻም አይተውም። እባካችሁ በዚህ ፍርሃት የተነሳ ምርመራውን የሚተው እናት ወይም አባት እንዳይኖር አስረዱ።

ሊያሳስበን የሚገባው በብረት ዕቃ ታሽጎ የሚመጣው ራዲዮአክቲቭ ምንጭ ነው። ለካንሰር ሕክምና የሚውለው ኮባልት 60 ኃይሉ በግማሽ የሚቀንሰው ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ የመንገድ ሥራ ተቋራጮች የአፈርን ጥቅጥቅነት ለመለካት ከሚይዟቸው መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ሲዚየም 137 ደግሞ ሠላሳ ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ይህ ማለት ለራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ ጥያቄ የኑክሌር ማመንጫ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም ማለት ነው፤ ጉዳዩ ዛሬም አገር ውስጥ አለ።

በብራዚል ጎያኒያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1987 የሆነውን ለዕድራችሁ ንገሩ። ተዘግቶ በተተወ የጨረር ሕክምና ክሊኒክ ውስጥ የቀረን መሣሪያ ሁለት ሰዎች ለብረቱ ሲሉ ፈትተው ወሰዱት፤ አሮጌ ብረት የሚገዛው ሰው በውስጡ በጨለማ ጊዜ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ዱቄት አይቶ ተደነቀ፤ ለዘመድ አዝማድም አካፈለው። አራት ሰዎች ሞቱ፣ 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብም በስታዲየም ተሰልፎ ተመረመረ። ከሟቾቹ አንዷ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ዱቄቱ በነካው እጇ ምግብ በልታለች። የእኛ ቆራሌውም ነገ በጣም የሚከብድ፣ በላዩ ላይ በቢጫ መደብ ሦስት ክንፍ ያለው ጥቁር ምልክት የተለጠፈበት ብረት ሊያጋጥመው ይችላል። ምልክቱን ለይቶ ዕቃውን ሳይነካ ርቆ እንዲጠቁም ማስተማር የምታቋቁሙት ቡድን ያለ አንዳች ፈቃድና ያለ ብዙ ወጪ ሊሠራው የሚችለው ሥራ ነው።

ከማመንጫ የሚወጣው ያገለገለ ነዳጅ (ኃይል ሰጥቶ ያበቃው የኑክሌር ነዳጅ) ግን ሌላ ዓይነት ነገር ነው። አንድ ሺህ ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሬአክተር በዓመት ከሃያ እስከ ሠላሳ ቶን ያህል ያወጣል። በመጠን ሲታይ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ለዓመታት በውኃ ገንዳ ውስጥ መቀዝቀዝ፣ ከዚያም ለብዙ ሺህ ዓመታት ከሰውና ከውኃ መራቅ አለበት። ፊንላንድ ከ400 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ዓለት ውስጥ መቅበሪያ ሠርታለች፤ በሕጓም ቦታው የሚገኝበት ማዘጋጃ ቤት «አልቀበልም» ካለ ፕሮጀክቱ አይፈቀድም። በጀርመን ግን ጎርሌበን የተባለ የገጠር አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1977 ለቆሻሻው መቅበሪያነት ከላይ ተመረጠ፤ ገበሬዎቹ በ1979 በትራክተሮቻቸው ሀኖቨር ድረስ ተጉዘው አቤት አሉ፤ ትግሉም ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2020 ቦታው በምድር አወቃቀሩ ተስማሚ አይደለም ተብሎ ከዕጩዎች ዝርዝር ወጣ። ያ ሁሉ ዘመን የባከነው ነዋሪውን አስቀድሞ የጠየቀው ባለመኖሩ ነው።

መልስ፦ የጣርማበር ልጅ

ይቅርታ አድርጉልኝና የተለየ አሳብ አለኝ። ይህ ውይይት የተጀመረው መብራት ባለበት ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ከእኛ ሰፈር ቁልቁል ያሉ ቀበሌዎች እስከ ዛሬ በኩበትና በእንጨት ያበስላሉ፤ የእናቶቻችን ዓይን በጭስ የሚጠፋው በየዕለቱ ነው፤ ይህን አደጋ ግን የሚቃወም ቡድን ሲቋቋም አላየሁም። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በአብዛኛው በዝናብ ላይ የተመሠረተ መሆኑም ይታወቃል። በሚያመነጨው ኃይል ልክ ሲሰላ ኑክሌር የሚገድለው ሰው ከድንጋይ ከሰል እጅግ ያነሰ ነው። ገና ምንም ሳይቀርብ «ተቃዋሚ ቡድን» ብላችሁ ከጀመራችሁ የሚሰማችሁ አካል አታገኙም፤ «ጠያቂ» ብትሉት ግን እኔም እገባበታለሁ።

መልስ፦ የይፋቱ ሽማግሌ

ልጄ የጣርማበሩ፣ ስለ ኩበቱ ያልከው እውነት ነው፤ እኔም በእርሱ ጭስ ያደግሁ ነኝ። ሆኖም መብራት ያስፈልጋል ማለት የትም ይሠራ ማለት አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር በተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፤ ካራቆሬም ክፉኛ ተጎድታለች፤ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድም ተሰነጣጥቋል። እናቴ ሰዉ ቤቱን ፈርቶ ሜዳ ላይ ያድር እንደነበር ትነግረን ነበር። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ የተነሳው መንቀጥቀጥም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እኛ ያለነው ከፍተኛው ምድር ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚወርድበት ገደል ላይ ነው። ማቀዝቀዣውም ውኃ ይፈልጋል፤ አንድ ትልቅ ሬአክተር በማቀዝቀዣ ማማ ሲቀዘቅዝ በየሰዓቱ ከሁለት ሺህ ሜትር ኩብ ያላነሰ ውኃ በእንፋሎት ያጣል። የበሬሳን ወንዝ በበጋ ያየ ሰው ይፍረድ።

ስለዚህ እንደ እኔ ግምት ወደ እኛ ዞን አይመጣም። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ «ከእኛ ዘንድ ብቻ ይራቅ» የሚል ቡድን ካቋቋማችሁ ዕዳውን ወደ ጎረቤት መግፋት ይሆናል። በኬንያ ኪሊፊ አውራጃ የኡዮምቦ ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች የኑክሌር ማመንጫ ዕቅዱን አጥብቀው ሲቃወሙ የመንግሥታቸው ዓይን ወደ ሌላ አውራጃ፣ ወደ ሲያያ ዞረ፤ ጥያቄውም ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ሰዎች ተዛወረ እንጂ አልተመለሰም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይባልባችሁ አሁን ጠይቁ፤ የምትጠይቁት ግን ስለ መላው አገር ይሁን። ያገለገለው ነዳጅ ተመልሶ ወደ ሻጩ አገር ይሄዳል? በማን ወጪ? በየትኛው መንገድ ተጭኖ? ባይሄድስ የት ይቀበራል? ይህ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

በሬሳ ዳር፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጣርማበሩ ወንድሜ ያቀረበውን ስም ተቀብለናል፤ «የጨረር ደህንነት ጠያቂ ነዋሪዎች» ልንለው ነው። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ የቆራሌዎቹን ትምህርት እናስቀድማለን፤ ከጎኑም ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ስለ ቦታ መረጣና ስለ ያገለገለ ነዳጅ የጽሑፍ ጥያቄ እናስገባለን። ጠበቃችን፣ ደብዳቤው በዕድሩ ስም ይሁን ወይስ በግለሰቦች?

ጠበቃው ከመሐል ሜዳ፦

በግለሰቦች ስምና ፊርማ ይሁን። ዕድሩ የተቋቋመው ለሌላ ዓላማ ስለሆነ በመተዳደሪያ ደንቡ ምክንያት ውድቅ ሊያደርጉባችሁ ይችላሉ፤ ያልተስማሙትን አባላት ማስቀየሙም አይቀርም። አቤቱታ አታድርጉት፤ የመረጃ ጥያቄ መሆኑን በርዕሱ ላይ ጻፉ፣ ሕገ መንግሥቱንና አዋጁን በአንቀጽ ጥቀሱ፣ ከአንድ ገጽም አይብለጥ። ለዞኑና ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮዎች ግልባጭ አድርጉ። በፖስታ ከመላክ ይልቅ አንድ ሰው በአካል ይዞት ይሂድና በሁለተኛው ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን እንዲያሰፍርበት ያድርግ። «ኃላፊው የሉም፣ አስቀምጠው ሂድ» ካሉት ደብዳቤውን ይዞ ይመለስና በማግሥቱ እንደገና ይሂድ።