የምርጫ መሪ ቃል እንዴት ይወጣል? መፈክሩ ወይስ የእጩው ፎቶ ይቅደም?

ጠያቂ፦ አዲስ ቀስቃሽ
ሰላም ለሁላችሁ። ለአካባቢ ምክር ቤት ለሚወዳደር እጩ መሪ ቃል እያዘጋጀን ነው። እስካሁን የቀረቡት ሦስቱም «ሰላም»፣ «ልማት»፣ «አንድነት» የሚሉ ናቸው። አንዱ የቡድናችን አባል እንደ አሜሪካው ቢል ክሊንተን «ኢኮኖሚው ነው፣ ደደብ!» ያለ የሚቆነጥጥ ነገር ካልተገኘ ይላል። ሌላዋ ደግሞ መፈክር ማንም አያነበውም፣ ገንዘቡ ለፎቶና ለፖስተር ይዋል ባይ ናት። ከየት እንጀምር?

ቃል አቀባይ
የክሊንተኑ እኮ ለሕዝብ የወጣ መፈክር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1992 የክሊንተን የዘመቻ ስልት አውጪ ጄምስ ካርቪል ሊትል ሮክ በሚገኘው የዘመቻው ጽሕፈት ቤት ለሠራተኞች የለጠፈው ማሳሰቢያ ነው። ሦስት መስመር ነበረው፦ ለውጥ ወይስ ያው የነበረው፣ ኢኮኖሚው፣ የጤናውንም ጉዳይ አትርሱ። ጋዜጠኛ ምንም ቢጠይቅ መልሱ ወደ እነዚህ እንዲመለስ ነው የተጻፈው። እናንተም መጀመሪያ ይህን የውስጥ ወረቀት ሥሩ። አብዛኛው ቡድን ግን ከፖስተሩ ይጀምርና እጩው መድረክ ላይ ሲጠየቅ ሌላ ነገር ያወራል።

ለውጪው መፈክር ደግሞ ፈተና አለው። የእጩያችሁን ስም ሸፍኑና የተፎካካሪውን ጻፉበት፤ አሁንም ከገጠመ ጣሉት። ተቃራኒውንም በሉት። «ጦርነት ይሻላል» ብሎ የሚወዳደር ስለሌለ «ሰላም ይሻላል» ማለት ከማንም አይለያችሁም። በመጨረሻ ያለ ማይክ ሃያ ሰው አብሮ ይጩኸው። እኩል ካልጀመሩና እኩል ካልጨረሱ ረዝሟል ማለት ነው። የአሜሪካው አይዘንሃወር የ1952ቱ (እ.ኤ.አ.) «አይ ላይክ አይክ» («አይክን እወደዋለሁ»፤ አይክ የቁልምጫ ስሙ ነው) እስካሁን የሚጠቀሰው በሐሳቡ አይደለም፤ ሦስቱም ቃል አንድ ድምፅ ስለሚደጋግም ነው።

ሚዛኑ
ከላይ ባለው እስማማለሁ፣ ግን የሚቆነጥጥ መፈክር ዕዳም አለው። ትልቁ ቡሽ (አባትየው ጆርጅ ቡሽ) ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ነሐሴ 1988 (እ.ኤ.አ.) ኒው ኦርሊንስ ላይ በፓርቲው ጉባኤ «ከንፈሬን አንብቡ፤ አዲስ ግብር የለም» አለ። ምርጫውን አሸነፈ። በ1990 ከአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) ጋር በደረሰው የበጀት ስምምነት ግብር ሲጨምር ግን ያችው ዐረፍተ ነገር በ1992 ፊልሟ እየተቆረጠ በራሱ ላይ ማስታወቂያ ተሠራባት፤ መጀመሪያ በገዛ ፓርቲው ተፎካካሪ፣ ቀጥሎ በክሊንተን። ቃሉ ባይጥም ኖሮ ማን ያስታውሰው ነበር? የምክር ቤት እጩ ብቻውን ሊፈጽመው የማይችለውን («ውሃ በየቤቱ አስገባለሁ») በመፈክር አታስሩት። «የውሃውን በጀት እጠይቃለሁ» ያንሳል፣ ግን ይያዛል።

ሁለት ጣት
ሁላችሁም አሜሪካ ሄዳችሁ የአገራችንን ረሳችሁት። እዚህ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ መፈክር የለም፤ ከስሙ ጎን ያለው ምልክት ነው። ሰው ምልክቱን ፈልጎ ነው የ«X» ምልክት ወይም አሻራውን የሚያኖረው። ስለዚህ ገንዘቡ መጀመሪያ ለምልክቱ።

1997 ዓ.ም.ን አስቡ። ኢሕአዴግ ንብ ነበረው፣ ቅንጅት ሁለት ጣት። ንብ እንዲታይ ሕትመት ይፈልጋል። ሁለት ጣት ግን ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይ የወጣው ሕዝብ ሁሉ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ አነሳው፤ ከግድግዳ የሚቀደድም አይደለም። አራት ፓርቲዎች ናቸው የተቀናጁት፤ አራት የተለያየ ምልክት ይዘው ቢቀርቡ ድምፁ ይበተን ነበር። አዲስ አበባ ምክር ቤት ላይ ከ138 ወንበር 137ቱን ወሰዱ። (ምልክቱ ብቻውን አመጣው አልልም። በቀጥታ የተላለፈው ክርክር ባይኖር ምልክቱ ምንም አይናገርም ነበር።)

አደጋውም ይታወቅ፤ ስምና ምልክት የተመዝጋቢው እንጂ የደጋፊው አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ የቅንጅትን ስም ለአቶ አየለ ጫሚሶ ቡድን ሲሰጥ ሌሎቹ «አንድነት» ብለው እንደ አዲስ ራሳቸውን ማስተዋወቅ ነበረባቸው።

ካሜራ
ስለ ፎቶው፦ እጩው በኑሮው የማያደርገውን አታስደርጉት። የቡሽ ተፎካካሪ የነበረው ዱካኪስ መስከረም 1988 (እ.ኤ.አ.) ሚሺጋን በሚገኝ ፋብሪካ ኤም 1 ታንክ ላይ የራስ ቁር አድርጎ ተቀረጸ፤ ስለ መከላከያ ደካማ ነው የሚለውን ወሬ ለማጥፋት ነበር። የቡሽ ቡድን ያንኑ ምስል ወስዶ ማስታወቂያ ሠራበት። መምህርን ሞፈር አስይዛችሁ ብታነሱት ገበሬው በአያያዙ ብቻ ይስቃል።

ለቴሌቪዥን ክርክር ቀድማችሁ የጀርባውን ቀለም ጠይቁ። ኒክሰን በ1960 (እ.ኤ.አ.) ከኬኔዲ ጋር ሲከራከር ግራጫ ሱፍ ለብሶ ግራጫ ግድግዳ ፊት ቆመ፤ ገና ከሆስፒታል የወጣ ሰው ስለነበር ጭራሽ ገረጣ። «በሬዲዮ የሰሙት ኒክሰን አሸነፈ አሉ» የሚባለውን ግን አትጥቀሱ፤ ማስረጃው ስስ ነው።

ፖስተሩ ላይ ፊቱ ከነትከሻው፣ ዓይኑ ወደ ካሜራ፣ ምልክቱ ከፊቱ ያላነሰ። መንገድ ተሻግራችሁ ቁሙና እዩት። ምልክቱ ካልተለየ መፈክሩን አሳጥሩ፣ ምልክቱን አትቀንሱ። በጥቁርና ነጭም ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ብዙ ቦታ የሚደርሰው እሱ ነው።

አዲስ ቀስቃሽ
አመሰግናለሁ። በግል ነው የሚወዳደረው፤ ምልክቱ ገና አልጸደቀም። ፖስተሩ ግን ማተሚያ ቤት ገብቷል።

ሁለት ጣት
ዛሬውኑ ደውለህ አስቁመው። ምልክቱ ውድቅ ከሆነ ወይም ከሌላው ጋር ከተመሳሰለ የታተመው ሁሉ የማይኖር ምልክት ምረጡ ይላል።