የሚሸጥ አሮጌ ባስ ትሮምቦን፦ ባክ 50ቢ፣ ባለ አንድ ቫልቭ

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የሚሸጠው ኢንዲያና ውስጥ ኤልክሃርት የተሠራ ባክ 50ቢ ነው (ባክ ፋብሪካው፣ 50ቢ ሞዴሉ)፣ ከተራው ቴነር ትሮምቦን የሚወፍር የናስ መንፊያ መሣሪያ። የስላይዱ (ወደፊትና ወደኋላ የሚሳበው ቱቦ) የውስጥ ስፋት 14.3 ሚሊሜትር (0.562 ኢንች)፣ የቤሉ (ድምፅ የሚወጣበት ሰፊው ጫፍ) አፍ 9 ተኩል ኢንች፣ በግራ አውራ ጣት የሚሠራ፣ ሲጫን ቃናውን ወደ ኤፍ የሚያወርድ አንድ ቫልቭ። ቤሉ ጠርዝ ላይ ተስተካክሎ የወጣ የቆየ ጭርምት አሻራው ይታያል። እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላከሩ (ናሱን የሚጠብቀው ቅብ) ረግፏል። የኬዙ አንድ መቆለፊያ ተሰብሯል። 1 ተኩል ጂ የሚባል መጠን ያለው መንፊያ (አፍ ላይ የሚደረገው) አብሮት አለ። 1,300 ዶላር፣ መጥቶ ነፍቶ ለሚወስድ ብቻ። ቼክ አልቀበልም።

ከአሌክሳንድሪያ፦
ለ6ኛ ክፍል ልጅ ይሆናል? የትምህርት ቤቱ ወረቀት «ትሮምቦን» ብቻ ነው የሚለው። ደግሞ ማውንት ቨርነን የሚባሉት ይሻላሉ ይላሉ፤ ይሄ ከነሱ ነው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
አይሆንም እህቴ። ወረቀቱ የሚለው ቴነር ነው። ባሱ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው በግራ እጅ ላይ ነው፣ ትንፋሽም ይጨርሳል። ለጀማሪ ስፋቱ 12.7 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ የጠበበ፣ ቫልቭ የሌለው ቴነር ተከራዩለት። ማውንት ቨርነንም አይደለም። እነዚያ ፋብሪካው በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ ኤልክሃርት ከመዛወሩ በፊት ኒውዮርክ ግዛት፣ ማውንት ቨርነን ከተማ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። ዋጋቸውም ሌላ ነው።

ከዴንቨር፦
ሊገዛ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ስላይዱን ይይ። የላከሩ መርገፍ አያሳስብ፤ ድምፅ አያበላሽም። እንዲያውም እንደ አዲስ ተወልውሎ ላከር የተቀባ አሮጌ መሣሪያ ነው የሚያስፈራው፣ ሲፋቅ ናሱ ይሳሳል።

የውጪውን ስላይድ አውጡና አንዱን የውስጥ ቱቦ ብቻ በራሱ የውጪ ቱቦ ውስጥ አስገብታችሁ አንሸራቱ፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ለየብቻ እየሄዱ አንድ ላይ ሲገቡ ከያዙ ቱቦዎቹ ትይዩ አይደሉም ማለት ነው፣ ጥሩ ጠጋኝ ያስተካክለዋል። ለየብቻም የሚፋተጉ ከሆነ ግን ቱቦው ጎብጧል ወይም ተጨርምቷል፤ ይሄ ገንዘብ ይበላል። የውስጥ ቱቦዎቹ ጫፍ ላይ ወፈር ያለውን ክፍልም እዩ፦ ብርማው ልባጥ አልቆ ቢጫው ናስ ብቅ ካለ የተበላ ነው።

ቀጥሎ አየር ያስወጣ እንደሆነ። ስላይዱን አቁማችሁ የውስጥ ቱቦዎቹን ሁለት የላይ ቀዳዳዎች በእጅ ድፈኑና የውጪውን ስላይድ ወደ ታች ልቀቁት፣ ከስር ሌላ እጅ ይኑር። ቀስ እያለ ከወረደ ደህና ነው። ዘጭ ካለ ያፈስሳል፤ ግን ከመደንገጥ በፊት የምራቅ ማውጫዋን ቡሽ እዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛዋ እሷ ናት፣ ቡሿም የሳንቲም ነገር ናት።

ናሱ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ፣ በተለይ መሃሉ ጠቆር ያለ ካያችሁ፣ ዚንኩ ከመዳቡ እየተለየ ከውስጥ ወደ ውጪ እየበላው ነው። መንፊያው የሚገባበት ቱቦና የስላይዱ ቅስት ላይ ፈልጉት። እሱ አይታከምም፣ ቱቦው ነው የሚቀየረው።

ቫልቩ ላይ የኋላውን ክዳን ፈትታችሁ በሚዞረው ክፍልና በዙሪያው ያሉትን የጭረት ምልክቶች እዩ። ሲጫንም ሲለቀቅም መስመራቸው መግጠም አለበት። ካልገጠሙ መቆሚያ ቡሾቹ (ቫልቩ ዞሮ የሚያርፍባቸው) አልቀዋል፣ ቫልቩ ሲጫን ድምፁ የታፈነ ይሆናል። የማስተካከያ ቱቦ እምቢ ካለ ፒንሳ አታንሱ። የተጣበቀ መንፊያንም እየጠመዘዛችሁ አትታገሉ፤ ማውጫ መሣሪያ አለው፣ ካልሆነ ቱቦውን ጠምዝዛችሁ ትሰብራላችሁ።

ከሚኒያፖሊስ፦
አዲስ አበባ ላለ ባንድ ነበር ያሰብነው። አንድ ቫልቭ ይበቃል?

ከዴንቨር፦
ለማርሽና ለጃዝ በአብዛኛው ይበቃል። የሚጎድለው ዝቅተኛው ቢ ናቹራል የሚባለው ኖታ ነው። ቫልቩ ሲጫን መሣሪያው ስለሚረዝም ርቀቱ ይሰፋና ስላይዱ ላይ ሰባት የነበረው ቦታ ስድስት ይሆናል፤ ሲ መጨረሻው ላይ ይገኛል፣ ከሱ በታች ያለው ቢ ይቀራል። የቫልቩን ቱቦ ቃናው ከኤፍ ወደ ኢ እስኪወርድ ስባችሁ ካወጣችሁት ቢው የስላይዱ ጥግ ላይ ይገኛል፣ ግን ሌሎቹ ቦታዎች ሁሉ ይለወጣሉ። ሁለተኛ ቫልቭ የተፈለሰፈው ለዚህ ነው። አብራችሁ የቫልቭ ዘይት፣ የስላይድ ክሬም፣ መቆሚያ ቡሾችና የማጽጃ ስፕሪንግ ብሩሽ ላኩ። ሲታጠብ ለብ ባለ ውሃ ብቻ፤ ትኩስ ውሃ ላከሩን ይልጠዋል።

ከሲያትል፦
በአሜሪካ አየር መንገዶች ከ2015 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት መሣሪያው ከላይ መደርደሪያ ከገባና ስትሳፈሩ ቦታ ካለ ካቢን ውስጥ ይዛችሁ ትገባላችሁ። ስለዚህ ቀድሞ መሳፈር ነው ዋናው። ደንቡ የውጪ አገር አየር መንገዶችን አይመለከትም፣ ለአዲስ አበባው በረራ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሻንጣ ክፍል ከገባ መንፊያውን ከኬዙ አውጡት፤ ውስጥ እየተንከባለለ ስላይዱን የሚጨረምተው እሱ ነው። ስላይዱን ቆልፉ፣ ቤሉ ውስጥ ሹራብ ጠቅጥቁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ክዳኑን ፈትቼ አየሁት። ሲለቀቅ ልክ ነው፣ ሲጫን ምልክቱ ትንሽ ያልፋል። የምራቅ ማውጫው ቡሽ ተቀይሯል፣ ሮዝ ነጠብጣብ የለም። ለመቆሚያ ቡሹ ቀንሼ 1,240 አድርጌዋለሁ። ኬዙንም መቆለፊያው ስለተሰበረ ለበረራ በገመድ ወይም በቀበቶ እሰሩት።